ካን አካዳሚ፦ 9ኛ ክፍል ላይ ለተበላሸ ውጤት ምን ይጠግናል፣ ምን አይጠግንም?

በአሜሪካ ሃይስኩል የመጀመሪያ ዓመቱ የተበላሸበት ልጅ ያለው ቤተሰብ ምክር ሲጠይቅ ቶሎ ከሚሰማቸው መልሶች አንዱ «ካን አካዳሚ ላይ ይሥራ» የሚል ነው፤ በነፃ የሚሠራውን የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ማለታቸው ነው። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። የተሸረሸረ የሒሳብ መሠረትን ለመጠገን በነፃ ከሚገኙት መሣሪያዎች ውስጥ በእኛ ግምት የሚስተካከለው የለም። ትራንስክሪፕት ላይ ግን አንዲት ነጥብ አይጨምርም። ክሬዲት አይሰጥም፣ እዚያ የተጨረሰ ኮርስም በትምህርት ቤት ውጤት ፋንታ አይቆጠርም። ይህን ያልለዩ ወላጆች ልጁ ክረምቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ መስከረም ላይ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ጋ ሲሄዱ ኤፉ፣ ማለትም የወደቀበት ውጤት፣ እዚያው ተቀምጦ ያገኙታል።

ስለ መሣሪያው ከማውራታችን በፊት የሚጠገነው ነገር ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው።

አንድ ተማሪ በዓመት 6 ኮርስ በሁለት ሴሚስተር ይወስዳል እንበል፤ በዓመት 12 ውጤት ማለት ነው። የ9ኛ ክፍል ጂፒኤው (ከ4 የሚሰላው የውጤት አማካይ) 1.8፣ የ10ኛው 3.2፣ የ11ኛው 3.7 ቢሆን የሦስቱ አማካይ 2.9 ይመጣል። የሦስቱን ብቻ ያሰላነው በስህተት አይደለም። ማመልከቻ የሚላከው 12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ኮሌጁ በዚያን ጊዜ የሚያየው የሦስት ዓመት ውጤት ነው። የ12ኛ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት በኋላ በካውንስለሩ በኩል ይላካል፤ በኅዳር ቀድሞ ለሚላክ ማመልከቻ ግን አይደርስም። «12ኛ ላይ አካክሰዋለሁ» የሚል ልጅ ይህን ቀን መቁጠሪያ አላየም ማለት ነው።

ያው ተማሪ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ሥርዓት ውስጥ ላሉት ካምፓሶች ቢያመለክት ታሪኩ ይለወጣል። ዩሲ ጂፒኤ የሚያሰላው ከ9ኛ ክፍል በኋላ ካለው ክረምት ጀምሮ ከ11ኛ ክፍል በኋላ እስካለው ክረምት ድረስ የተወሰዱትን «ኤ-ጂ» የሚባሉ፣ ለመግቢያ የሚጠየቁ ኮርሶች ይዞ ነው። የ9ኛ ክፍል ውጤት ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የዚህ ልጅ ጂፒኤ 2.9 መሆኑ ቀርቶ 3.45 ይሆናል፤ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ዝቅተኛው ገደብ 3.0፣ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ደግሞ 3.4 ነው። እርግጥ ገደብ ማለፍና መግባት ለየቅል ናቸው። አንድ የሚረሳ ነገርም አለ፦ 9ኛ ክፍል ከጂፒኤው ውጪ ቢሆንም ከ15ቱ የኤ-ጂ ኮርሶች ውስጥ የሚቆጠር ኮርስ ቢያንስ ሲ ሊኖረው ይገባል። ዲ አይቆጠርም። ከ15ቱም 11ዱ 11ኛ ክፍል ከማለቁ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው።

የአልጀብራ 1 ዲ ግን ሁልጊዜ ኮርሱን መድገም አይጠይቅም። ዩሲ በሒሳብ የላይኛው ኮርስ የታችኛውን «ቫሊዴት» እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ አልጀብራ 2ን በሲ ወይም ከዚያ በላይ የጨረሰ ተማሪ የአልጀብራ 1 መስፈርቱን እንዳሟላ ይቆጠርለታል። ችግሩ አልጀብራ 1ን በዲ ያለፈ ልጅ አልጀብራ 2 ላይ ሲ የሚያገኘው በምን ተአምር ነው የሚለው ነው። የካን አካዳሚ ትክክለኛ ቦታ እዚህ ጋ ነው።

ከየት ይጀመር?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ገና ከበሩ ነው። ልጁ አሁን አልጀብራ 2 ስለሚማር አልጀብራ 2 ይከፈትለታል፣ ሁለት ሳምንት ይታገላል፣ ይተወዋል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ከ1ኛ ክፍል መደመር ይጀመርለትና በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። የሚሻለው ኮርሱን በሙሉ የሚፈትነውን የ30 ጥያቄ «ኮርስ ቻሌንጅ» መክፈት ነው። እያንዳንዱ ኮርስ ገጽ ላይ ይገኛል። አልጀብራ 1 ላይ ያለውን ያለ ፍንጭ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ በአንድ ቁጭታ ይሥራው። ከ30ው 20 እና ከዚያ በላይ ካገኘ አልጀብራ 1ን እዚያው እየጠገነ መቀጠል ይችላል። ከዚያ በታች ከሆነ «ጌት ሬዲ ፎር አልጀብራ 1» የሚለውን ኮርስ ይክፈት። ይህ ኮርስ የተሠራው ከመካከለኛ ደረጃ ሒሳብ ለአልጀብራ የሚያስፈልገውን ብቻ ለቅሞ ነው፤ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ ቅንፍ መፍታት፣ ቀላል እኩልታ። ለጂኦሜትሪና ለአልጀብራ 2ም ተመሳሳይ «ጌት ሬዲ» ኮርሶች አሉ። በእኛ ግምት ከካን አካዳሚ ሁሉ ለዚህ ዓይነት ተማሪ የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ስሙ ግን እምብዛም አይነሳም። የ20ዋ መስመር የእኛ ናት፣ የድርጅቱ አይደለችም።

ከነጥቡ ይልቅ የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች ዓይነት ማየት ይበልጣል። አንድ ምሳሌ፣ ኤክስን በ«ሀ» ተክተን፦

3(ሀ − 4) = 2ሀ + 5

ልጁ 3ቱን ከ«ሀ» ጋር ብቻ አባዝቶ 3ሀ − 4 = 2ሀ + 5 ብሎ ይጽፍና ሀ = 9 ይላል። ትክክለኛው 3ሀ − 12 = 2ሀ + 5 ነው፤ ሀ = 17። ካን አካዳሚ 9ን ሲያይ ስህተት ነው ይላል፤ ፍንጭ ከተጠየቀ ትክክለኛውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የማያደርገው ነገር ቢኖር «3ቱን 4ቱ ላይ ማዳረስ ረሳህ» ብሎ መንገር ነው። የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር እንጂ ወረቀቱን አይደለም። ልጁ ፍንጩን አይቶ «አሃ» ይልና በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ከልምምዱ ጎን አንድ ደብተር ይኑር፤ የተሳሳተው ጥያቄ በግራ፣ ትክክለኛው በቀኝ፣ መሐል ላይ የተለያዩበት መስመር ይሰመርበት። ሃያ ስህተት ሲጠራቀም አብዛኛው ከሦስት ወይም ከአራት ምንጭ እንደሚመጣ በዓይን ይታያል። ቅንፍ፣ የኔጌቲቭ ምልክት፣ ክፍልፋይ። ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ነጥብ አሰጣጡና ልጆች የሚያታልሉበት መንገድ

እያንዳንዱ ችሎታ ደረጃ አለው። ልምምዱን 70 በመቶ እና ከዚያ በላይ የመለሰ «ፋሚሊየር»፣ ሁሉንም የመለሰ «ፕሮፊሸንት» ይሆናል። «ማስተርድ» የሚባለው ግን በልምምድ ብቻ አይገኝም፤ በኋላ በዩኒት ፈተና ወይም በኮርስ ቻሌንጅ መሐል ያ ችሎታ ተደባልቆ ሲመጣ መመለስ ያስፈልጋል። በነጥብ ሲሰላ 50፣ 80 እና 100 ናቸው። ፈተና ላይ የተሳሳተ ደረጃው ይወርዳል። ይህ መውረድ ልጆችን ያናድዳል፤ ነገር ግን ከሥርዓቱ ሁሉ ጥሩው ነገር እሱ ነው። ባለፈው ወር የተማረውን ረስቶት እንደሆነ ሌላ የሚነግረው የለም።

ማታለያው «ፕሮፊሸንት» ላይ ነው። ልምምዱ ሲደገም ቁጥሩ ይለወጣል እንጂ የጥያቄው ቅርጽ ያው ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ተሳስቶ፣ ፍንጩን አንብቦ፣ ወዲያው ደግሞ ሲሞክር የሚያስታውሰው ቅርጹን ነው። አረንጓዴ ምልክት ያገኛል፣ ወላጅም ያጨበጭባል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን የወንፊት ውሃ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ልምምድ ላይ የተሳሳተ ልጅ በዚያው ቀን አይድገመው፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመለስበት። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አዲስ ነገር ሳይከፍት የዩኒት ፈተና ብቻ ይሥራ። ወላጅ ሪፖርት ሲያይ የተሠራውን ደቂቃ ትቶ ስንቱ «ማስተርድ» እንደሆነ ይቁጠር። ደቂቃ ቪዲዮ ከፍቶ በመተው ይሞላል።

ወላጅ የራሱን አካውንት ከፍቶ የልጁን ሪፖርት ማየት ይችላል። ከዚህ የሚሻል ዘዴም አለ፦ የአስተማሪ አካውንት ከፍቶ የአንድ ተማሪ ክፍል መፍጠር። ያኔ የትኛው ልምምድ እስከ መቼ እንደሚሠራ ቀን ቆርጦ መስጠት ይቻላል። አስተማሪ ስለመሆንዎ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

ቪዲዮዎቹን በተመለከተ፦ ግልጽ ናቸው፣ ረጅም አይደሉም፣ ፍጥነታቸውን መጨመር ይቻላል። ነገር ግን መጀመሪያ ልምምዱ ይሞከር፤ ቪዲዮው ካቃተ በኋላ ይከፈት። በተገላቢጦሽ የሚሠራ ልጅ ሰውዬው ሲፈታ እያየ የገባው ይመስለዋል።

ስንት ሰዓት? በእኛ ግምት «ጌት ሬዲ» ኮርሱንና አልጀብራ 1ን አብሮ ለመጠገን በቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ10 እስከ 14 ሳምንት ይፈጃል። በክረምት ብቻ ከሆነ በጥድፊያ ነው፤ ሚያዝያ ላይ የጀመረ ይሻለዋል። ሁሉንም ዩኒት መሸፈን የማይቻል ከሆነ እኩልታና ኢንኢኩዋሊቲ («ይበልጣል»፣ «ያንሳል» የሚሉት ንጽጽሮች)፣ መስመራዊ ግራፎች፣ የሁለት እኩልታ ሲስተም፣ ኤክስፖነንት እና ኳድራቲክ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ሲኩዌንስ ይቆይ።

ለኤስኤቲስ?

ኤስኤቲ ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰድ ፈተና ነው። የዲጂታሉ ኤስኤቲ ሒሳብ 44 ጥያቄ አለው፤ 22 ሆነው በሁለት ሞጁል፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ከጥያቄዎቹ 35 በመቶ ገደማው አልጀብራ ነው፤ ያውም መስመራዊ እኩልታና ሲስተም። ሌላ 35 በመቶ ገደማ ደግሞ ኳድራቲክና ኤክስፖኔንሻል ያለበት ከፍ ያለ ሒሳብ ነው። ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ ተደምረው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። 9ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ ያመለጠው ልጅ ያመለጠው የፈተናው እምብርት ነው ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ለትምህርት ቤቱ ብሎ የሞላው ጉድጓድ ለፈተናውም ይሆነዋል።

ፈተናው በሞጁል ይለዋወጣል፤ የመጀመሪያው ሞጁል ላይ ጥሩ የሠራ ከባዱን ሁለተኛ ሞጁል ያገኛል፣ ያልሠራ ቀለል ያለውን። ቀለል ባለው ሞጁል ውስጥ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ ከፍተኛው ነጥብ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ቀላል ጥያቄ ላይ በቅንፍ ምክንያት የተሠራ ስህተት ዋጋው ከአንድ ጥያቄ በላይ ነው።

ካን አካዳሚ ከኤስኤቲ አዘጋጁ ከኮሌጅ ቦርድ ጋር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤስኤቲ ልምምድ በነፃ ያቀርባል። የሒሳቡ ኮርስ በ«ፋውንዴሽንስ»፣ «ሚዲየም» እና «አድቫንስድ» የተከፈለ ነው። ደካማ ጅምር ያለው ተማሪ ፋውንዴሽንስን ሳይጨርስ ሚዲየምን አይንካ። ሙሉ የልምምድ ፈተናው ያለው ካን አካዳሚ ላይ ሳይሆን ብሉቡክ በሚባለው የኮሌጅ ቦርድ አፕ ውስጥ ነው፤ እሱም ነፃ ነው፣ ፈተናው ቀን የሚከፈተውም ያው አፕ ነው። እነዚያ ፈተናዎች ጥቂት ስለሆኑ በየሳምንቱ አይባከኑ። አንዱ መነሻ ላይ፣ ሌላው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የቀሩት ወደ ፈተናው ሲቃረብ ይሠሩ። ብሉቡክ ውስጥ ያለውን ዴስሞስ የተባለ ካልኩሌተር በደንብ መልመድም ግድ ነው፤ የሁለት እኩልታ ሲስተም ሁለቱን መስመር ጽፎ የሚቆራረጡበትን ነጥብ በመንካት ይፈታል። ካን አካዳሚ ላይ በእጅ ብቻ የለመደ ልጅ ይህን ሳያውቅ ወደ ፈተና ይገባል።

የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ ልምምድ ከሒሳቡ ደከም ይላል። የሥርዓተ ነጥብና የሰዋስው ሕጎቹን በሚገባ ያስተምራል፤ ከጥያቄዎቹ ሩብ ያህሉ ከዚያ ስለሚመጡ ቶሎ ነጥብ የሚገኝበት ነው። የንባብ አቅምን ግን ልምምድ ብቻ አያሳድገውም፤ ልጁ በየቀኑ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ አለበት፤ ካን አካዳሚ ውስጥ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ አይበዛም።

ፈተናው ራሱ ያስፈልጋል ወይ? እንደ ኮሌጁ ነው። ዩሲ እና የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ ውሳኔ የኤስኤቲ ነጥብ አያዩም፤ እዚያ ብቻ የሚያመለክት ልጅ ለኤስኤቲ ያለውን ሰዓት ለትምህርት ቤት ውጤቱ ያውለው። የፍሎሪዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይጠይቃሉ፤ ኤምአይቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መልሶ መጠየቅ ጀምሯል። እንደፍላጎት የሚቀበሉትም ብዙ ናቸው። ለእነዚህ የሚሆነው ሕግ ይህ ነው፦ 9ኛ ክፍሉ ደካማ የሆነ ተማሪ ነጥቡ ከኮሌጁ ተማሪዎች መሐል ላይ ወይም በላይ ከሆነ ይላክ፤ ያ ዓመት አቅም አጥቶ እንዳልነበር የሚመሰክርለት ሌላ ሰነድ የለውም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ካውንስለሩን የኤስኤቲ ክፍያ ማስቀረጫ ይጠይቁ፤ በእሱ ብዙ ኮሌጆች የማመልከቻ ክፍያም ያነሳሉ።

ካንሚጎ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በወር 4 ዶላር ነው። መልሱን ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ እየጠየቀ ይመራል፤ ከላይ ያልነውን «የት ጋ ተሳሳትኩ» የሚለውን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ ይሞላል፤ ልጁ ሥራውን መስመር በመስመር ከጻፈለት ማለት ነው። የማይጽፍ ልጅ 4 ዶላሩ ይቅርበት።

የማይጠግነው

ኤፉን ራሱን የሚያነሳው ትምህርት ቤቱ ነው፤ በክረምት ትምህርት ወይም ክሬዲት ሪከቨሪ በሚባለው፣ የወደቁበትን ኮርስ ክሬዲት በሚያስመልሰው ፕሮግራም። ከመመዝገብ በፊት ካውንስለሩን በጽሑፍ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካል ወይስ ይደመርበታል? ልዩነቱን ከላይ ባለው ተማሪ እናሳይ። በሦስት ዓመት 36 ውጤት አለው፤ አማካዩ 2.9። አንዱ ኤፍ በቢ ቢተካ ወደ 2.98 ይወጣል። ቢው ሳይተካ 37ኛ ውጤት ሆኖ ቢጨመር ግን 2.90 ላይ እንዳለ ይቀራል። ድካሙ ግን አንድ ነው። በዩሲ ስሌት ዲ ወይም ኤፍ ሲደገም አዲሱ ውጤት ይያዛል፤ ሲን ደግሞ ወደ ቢ ለማሳደግ መድገም ግን አይጠቅምም። ሁለተኛው ጥያቄ፦ የኦንላይን ሪከቨሪ ኮርሱ በዩሲ የጸደቀ ነው ወይ? ለዲፕሎማ የሚቆጠር ሁሉ ለኤ-ጂ አይቆጠርም።

ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድም ከጠንካራ ምልክቶች አንዱ ነው። ካን አካዳሚ ላይ መሠረቱን የጨረሰ ልጅ በአቅራቢያው ባለ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) አንድ ኮርስ በኤ ቢጨርስ ምልክቱ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን ያ ውጤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ነው። እዚያ የተገኘ ኤፍ እስከ ዩኒቨርሲቲ ይከተለዋል። አልጀብራው ሳይጠገን የኮሌጅ ሒሳብ እንዳይመዘገብ። እንግሊዝኛ ወይም ታሪክ ይቅደም።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ 12ኛ ክፍል ላይ ከደረሰም ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ይቀበለዋል። የካሊፎርኒያው ለምሳሌ 60 የሴሚስተር ዩኒት (የኮሌጅ ክሬዲት) ላጠናቀቀ ተማሪ ወደ ዩሲ መሸጋገሪያ አለው፤ ስድስት ካምፓሶች፣ ማለትም ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራ እና ሳንታ ክሩዝ፣ የተቀመጠውን ጂፒኤና ኮርስ ላሟላ ዋስትና ይሰጣሉ። የዋስትናው ማመልከቻ የሚገባው በሴፕቴምበር ነው። በዚህ መንገድ የሚመዘነው በዋናነት የኮሌጁ ውጤት ነው። ካን አካዳሚ እዚህም ሥራ አለው፤ ልጁ ስታቲስቲክስ ወይም ካልኩለስ ከመመዝገቡ በፊት ባሉት ሁለት ወራት «ጌት ሬዲ» ኮርሶቹን ቢያጸዳ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከመውደቅ ይድናል።

ነጥባችን፦ ለሒሳብ መሠረት ከ5 5፣ ለኤስኤቲ ሒሳብ 4፣ ለንባብ 3። ለትራንስክሪፕት ዜሮ፤ ለዚያ አልተሠራምና አንወቅሰውም። መጀመር የሚፈልግ ዛሬ ማታ አልጀብራ 1ን ከፍቶ ወደ ታች ይውረድ፤ ኮርስ ቻሌንጁ ከዩኒቶቹ በኋላ አለ፤ 45 ደቂቃ ያህል ይመድብለት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጠው።